የቤታችን ድመት፦ የጥቅም ዕቃ ወይስ አማና?

ቢስሚላሂር-ረሕማኒር-ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሰላትና ሰላም ለዓለማት እዝነት ሆነው በተላኩት ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አንባቢያን! በአገራችን ድመት የሌለበት ሰፈር የለም። በገጠር እህል በጎተራ ስለሚቀመጥ፣ በከተማም አይጥ ከጣሪያና ከወለል ሥር ስለማይጠፋ፣ አብዛኛው ቤተሰብ ድመት የሚያሳድገው ለአንድ ሥራ ነው፤ አይጥ እንድትይዝለት። ይህ ነውር የለበትም። አላህ (ሱ.ወ.) እንስሳትን ለሰው ልጅ ጥቅም አግርቶለታል። ጥያቄው የሚመጣው ጥቅሙ ሲያልቅ ነው። ድመቷ ስታረጅ፣ ጥርሷ ሲረግፍ፣ ዓይኗ ሲፈዝ፣ አይጥ በፊቷ እያለፈ ዝም ብላ ስታይ፣ ያን ጊዜ በእኛ ላይ ሐቅ አላት ወይስ የላትም?

ይህን ጥያቄ ከመድረሳ ተማሪዎቼ አንዱ ሳይሸፋፍን አቅርቦልኛል። «ኡስታዝ፣ ድመታችን አሁን አይጥ አትይዝም። ሌላ ልናመጣ ነው። እሷን በጆንያ አድርገን ከወንዝ ማዶ ብንጥላት ወንጀል አለው?» አለኝ። ልጁ የጠየቀው በየሰፈሩ የሚደረገውን ነገር ነው። ለመልሱ «አዎን» ወይም «የለም» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ጥያቄው በድመቷ ላይ አያቆምም፤ ከእጃችን ሥር ያለውን ፍጡር ሁሉ በምን ዓይን እንደምናየው የሚፈትን ነው።

በቤት ውስጥ የምትዞር

በመጀመሪያ ድመት በሸሪዓችን ዘንድ ያላትን ቦታ እንመልከት። ከብሻ ቢንት ከዕብ የሶሓባው የአቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ልጅ ሚስት ነበረች። አንድ ቀን ለአማቷ ለአቡ ቀታዳ የውዱእ ውኃ ስትቀዳላቸው ድመት ልትጠጣ መጣች። እርሳቸውም ዕቃውን አዘንብለውላት እስክትጠግብ ጠጣች። ከብሻ በመገረም ስትመለከታቸው ባዩ ጊዜ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) የተናገሩትን ነገሯት፤ ድመት ነጃሳ አይደለችም፣ በእናንተ መካከል ከሚዘዋወሩት ወገን ናት። ይህን ሐዲስ ኢማም ማሊክ በሙወጠእ፣ አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚና ሌሎችም ዘግበውታል።

በዚህ መሠረት የሻፊዒያ፣ የማሊኪያና የሐንበሊያ ሊቃውንት አፏ ላይ ነጃሳ እስካልታየ ድረስ ከድመት አፍ የተረፈ ውኃ ንጹሕ ነው ብለዋል። ኢማም አቡ ሐኒፋ ሌላ ውኃ እያለ በእርሱ መጠቀምን ጠልተውታል እንጂ ነጃሳ ነው አላሉም። በአገራችን ሻፊዒያውም ሐነፊያውም ስላለ ሁለቱንም ማወቅ ጥሩ ነው።

ነገር ግን ከውዱእ ፍርድ ባሻገር እዚህ ሐዲስ ውስጥ ያለችውን አንዲት ቃል ልብ እንበል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ድመትን የገለጹበት «ጠዋፊን» የሚለው ቃል፣ አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ-ን-ኑር 58ኛ አንቀጽ ስለ ቤት አገልጋዮችና ስለ ሕፃናት ሲናገር የተጠቀመበት ቃል ነው። እነርሱ በቤት ውስጥ ወጣ ገባ ስለሚሉ ከሦስት ወቅቶች በቀር በየጊዜው ፈቃድ መጠየቅ አይጠበቅባቸውም። ሊቃውንትም ይህን ዝምድና አስተውለዋል። ስለዚህ ድመት በነቢያችን አነጋገር እንደ መጥረጊያና እንደ ወንፊት የቤት ዕቃ አይደለችም። በቤቱ ውስጥ ከሚኖሩት ጋር ተቆጥራለች። ከቤቱ ነዋሪ ጋር የተቆጠረ ደግሞ ሐቅ አለው።

ያቺ ሴት ምን አጠፋች?

በድመት ምክንያት እሳት የገባችውን ሴት ታሪክ ሁላችንም ሰምተናል። ቡኻሪና ሙስሊም ከዐብደላህ ኢብን ዑመርና ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ዘግበውታል። ይህችን ሴት ስናስብ ድመቷን የደበደበች፣ የፈላ ውኃ የደፋችባት ጨካኝ ሴት አድርገን ልንስላት እንችላለን። ሐዲሱ ግን ይህን አላወሳም። የተጠቀሰው ጥፋቷ እስክትሞት ድረስ አስራ ማቆየቷ ነው። ራሷ አላበላቻትም፣ አላጠጣቻትም፤ ወጥታም የምድርን ተንቀሳቃሽ ነፍሳት ለቅማ እንዳትበላ አልለቀቀቻትም።

እንግዲህ ሁለት በሮች ነበሩ። አንደኛው የሴትዮዋ እጅ፣ ሁለተኛው የአላህ ሰፊ ምድር። ሴትዮዋ ሁለቱንም ዘጋች። ከዚህ የምንማረው ደንብ ግልጽ ነው። አንድን ፍጡር ይዘን መንገዱን ስንዘጋ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሪዝቁ በእጃችን በኩል እንዲያልፍ ኃላፊነት ወስደናል። ይህ ነው አማና የሚባለው። አማናን ለማጉደል ዱላ ማንሳት አያስፈልግም፤ መርሳት ብቻ ይበቃል። ለበዓል ወይም ለለቅሶ ወደ ገጠር ሲኬድ ቤቱ ተቆልፎ ድመት ውስጥ የምትቀርበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው ቤተሰብ ጭካኔ አስቦ ላይሆን ይችላል። ለተራበችው ድመት ግን ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

አንዳንድ ሰው ሐዲሱን ይዞ «እኔ አላሰርኳትም፤ ወስጄ ለቀቅኳት እንጂ። እንግዲህ ራሷ ፈልጋ ትብላ» ሊል ይችላል። ይህ ክርክር ላይ ላዩን ሲያዩት ያስኬዳል። ነገር ግን መልቀቅ ማለት ራሷን ችላ መኖር ለምትችል ነው። ከግልገልነቷ ጀምሮ በሰው እጅ የኖረች፣ ያረጀች፣ መንገዱን የማታውቅ፣ ውሾች በሚዞሩበት ሜዳ ላይ የተጣለች ድመት አልተለቀቀችም። ገመዱ አይታይም እንጂ በእርጅናዋ ታስራለች። ወንዝ የሚሻገሩትም ተመልሳ እንዳትመጣ ብለው ነው። ተመልሳ መምጣት የምትፈልገው ቤቷ ስለሆነ አይደለምን?

ጥቅም ሲያልቅ ሐቅ ያልቃልን?

የቀደሙት ሊቃውንቶቻችን ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ አላለፉም። «ሱልጣኑል ዑለማእ» በመባል የሚታወቁት የሻፊዒያው ሊቅ ዒዙዲን ኢብን ዐብዲሰላም በሂጅራ 660 (በ1262 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ካይሮ ውስጥ አልፈዋል። «ቀዋዒዱል-አሕካም» በተባለው ኪታባቸው እንስሳት በሰው ላይ ያላቸውን ሐቅ ዘርዝረዋል። ከእነዚህም መካከል እንስሳው ቢያረጅ ወይም ቢታመምና ምንም ጥቅም የማይሰጥ ቢሆን እንኳ ቀለቡ እንዳይቋረጥ፣ ከአቅሙ በላይ እንዳይጫን፣ ከሚጎዳው ጋር እንዳይቀመጥ፣ ልጁ በዓይኑ ፊት እንዳይታረድ የሚሉት ይገኙበታል። ልብ በሉ! ጥቅም የማይሰጥ ቢሆን እንኳ። ይህ የተጻፈው ከሰባት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው።

የማሊኪያ ፉቀሃእ ደግሞ ከዚህ ራቅ ብለው ሄደዋል። ዓይነ ስውር የሆነች ድመት ወደ አንድ ሰው ቤት መጥታ ብትቀርና ከዚያ መሄድ ባትችል፣ ቀለቧ በዚያ ሰው ላይ ግዴታ ይሆናል ብለዋል። ሰውየው አልገዛትም፣ አላመጣትም፣ አይጥም አትይዝለትም። ደካማነቷና በእርሱ ደጃፍ መገኘቷ ብቻ ሐቅ አስገኘላት። እንግዳ ሆና ለመጣች ዕውር ድመት ይህ ከተባለ፣ ለዓመታት እህላችንን ስትጠብቅ ለኖረችው ምን ሊባል ነው?

አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ አንድ የመዲና ሰው አትክልት ቦታ ሲገቡ ግመል አይቷቸው እንባውን አፈሰሰ። ራሱን ደባብሰው ካረጋጉት በኋላ ባለቤቱን ጠሩ፤ እያስራብክና እያደከምክ ነው ብሎ ከሶሃል በማለት አላህን እንዲፈራ ነገሩት። የእኛ ድመት በእኛ ዘመን ለነቢይ መክሰስ አትችልም። ክሷ ግን አልጠፋም፤ ወደ ቂያማ ዕለት ተላልፏል እንጂ።

ስለዚህ ለልጁ የነገርኩት ይህን ነው። አሮጊቷን መጣል አይፈቀድላችሁም። አዲስ ማምጣት ከፈለጋችሁ አምጡ፤ ቀድማ የኖረችው ግን በቦታዋ ትቆይ። በእርግጥ ማቆየት የማትችሉ ከሆነም የሚቀበላትና የሚያበላት ሰው ፈልጋችሁ በእጁ አስረክቡ። አማና ይተላለፋል፤ ሜዳ ላይ ግን አይጣልም።

ወላጆችም አንድ ነገር ያስቡ። ልጅ በቤት ውስጥ ከምንነግረው ይልቅ የምናደርገውን ያጠናል። «ሥራዋን ስለጨረሰች ጣላት» ተብሎ ጆንያ የተሸከመ ልጅ የተማረው ስለ ድመት ብቻ አይደለም። ያረጀ ይጣላል የሚል ደንብ ተምሯል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል-ኢስራእ 23ኛ አንቀጽ ስለ ወላጅ ሐቅ ሲያዝዝ እርጅናቸውን ለይቶ ማንሳቱን እናስታውስ። ወላጅን ከእንስሳ ጋር ማመሳሰላችን አይደለም፤ አዑዙ ቢላህ። ነገር ግን ደካማን የመሸከም ልማድ ከትንሹ ይጀምራል።

ከማምጣታችን በፊት

አማናን ከመቀበል በፊት ማሰብ ከመሸከም ይቀድማል። ልጆች ስላለቀሱ ብቻ የድመት ግልገል ይዞ መግባት ልክ አይደለም። በደንብ የተያዘች ድመት 12፣ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ትኖራለች። ዛሬ የሚያለቅሰው የስድስት ዓመት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ድመቷ ገና በቤት ልትኖር ትችላለች ማለት ነው። ቤተሰቡ ይህን መክሮ ይወስን።

ግልገሏ ቢያንስ ስምንት ሳምንት ሳይሞላት ከእናቷ አትለይ፤ ብትቆይ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል። አንዳንድ ሶሓቦች በጉዞ ላይ የአንዲትን ወፍ ጫጩቶች በወሰዱ ጊዜ እናቲቱ ከላያቸው እየበረረች ስትጨነቅ ያዩት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ማን በልጆቿ እንዳስጨነቃት ጠይቀው እንዲመልሱላት አዘዋል። ይህም በአቡ ዳውድ ተዘግቧል።

ስትመርጡ ዓይኗ የጠራ፣ አፍንጫዋና ጆሮዋ ንጹሕ የሆነ፣ ተቅማጥ የሌለባት፣ የምትጫወትና ከሰው እጅ የማትበረግግ ትሁን። በቀለም አትምረጡ። ጥቁር ድመት ገድ የላትም፣ ጂን ናት እያሉ መሸሽና መደብደብ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከከለከሉት ከጢየራ፣ ማለትም በእንስሳ ገድ ከመቁጠር የሚመደብ ነው። ዋጋን በተመለከተ ሙስሊም ከጃቢር (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ የድመት ሽያጭ ተጠልቷል። አብዛኞቹ ሊቃውንት ክልከላውን ለጥቅም በማትሆነው ላይ ወይም መሸጡ የማይወደድ ነው በሚለው ተርጉመው ሽያጩን ቢፈቅዱም፣ ከጎረቤት በስጦታ መቀበል የአገራችንም ልማድ ነውና ከክርክሩ ያወጣል።

አያያዟ

«ከጠገበች አይጥ አትይዝም» እያሉ ድመትን ማስራብ የተለመደ ስሕተት ነው። አደን ተፈጥሮዋ ነው፤ የበላችም ድመት ታድናለች። በረሃብ የደከመች ድመት ግን አታድንም፤ የጎረቤት ድስት ትከፍታለች እንጂ።

ድመት በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ናት። በእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ ጤናዋ አይጠበቅም፤ ከሥጋ ቤት የሚተርፈው ሳንባና ቁርጥራጭ ለእርሷ ምግብ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደሟን ይጎዳሉ። ስለዚህ ወጥ ከምናቀርብላት ይልቅ ሥጋው ድስት ከመግባቱ በፊት ጥቂት ብናስቀርላት ይሻላል። ወተት እንደምናስበው ለአዋቂ ድመት ሁልጊዜ አይስማማም፤ ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል። ንጹሕ ውኃ ግን ዘወትር ያስፈልጋታል።

የአይጥ መርዝና ድመት በአንድ ቤት አይኖሩም። መርዝ የበላችውን አይጥ የበላች ድመት ልትሞት ትችላለች። እንዲሁም ስትታመም የሰው መድኃኒት አትስጧት፤ አንድ ፍሬ ፓራሲታሞል ድመትን ሊገድል ይችላል።

የቤተሰብ ጤናም አማና ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል። ስለዚህ ግልገሏ ሦስት ወር ሲሆናት በእንስሳት ሕክምና ክትባት ታግኝ። ሰው ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብና በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው። በዓይነ ምድሯ በኩል የሚተላለፍ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተውሳክ ስላለ፣ ነፍሰ ጡር እናት የምትጸዳዳበትን አሸዋ አታጽዳ፤ ሌላ ሰው በየቀኑ ያጽዳላት።

ድመት የምታረግዘው ለሁለት ወር ያህል ነው፤ በዓመትም ከአንድ ጊዜ በላይ ትወልዳለች። በጆንያ የመጣል ነገር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። ማምከንን በተመለከተ ሊቃውንት ተለያይተዋል። ከሐነፊያ ኪታቦች ውስጥ ጥቅም ካለው ወይም ጉዳት የሚከላከል ከሆነ ድመትን ማኮላሸት ችግር የለበትም ያሉ አሉ። ከዘመናችን ዑለሞችም ብዛቱ አስቸጋሪ ከሆነና ቀዶ ሕክምናው የማይጎዳት ከሆነ ከመግደል የተሻለ ነው ያሉ ይገኛሉ። የምትተማመኑበትን ዓሊም ጠይቁ። ወልዳ በየጊዜው ልጆቿን ሜዳ ላይ ከመጣል ግን ማንም የተሻለ አድርጎ የሚያየው መንገድ ይኖራል።

«ሰው እየተራበ ለድመት?»

ይህ ተቃውሞ ተገቢ ነው፤ በንቀት ልናልፈው አይገባም። በአገራችን ልጁን መመገብ ያቃተው አባት አለ። ሸሪዓው ቅደም ተከተል አለው፤ የሰው ነፍስ ይቀድማል፣ የቤተሰብ ነፈቃ ይቀድማል። የማይችል ሰው ድመት እንዲያሳድግ ማንም አላስገደደውም።

ነገር ግን ጉዳዩን ከሌላ በኩል እንየው። ከሶሓቦች መካከል በረሃብ ከሚታወቁት አንዱ አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ናቸው፤ ከረሃብ የተነሳ በሆዳቸው ላይ ድንጋይ ያስሩ እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል። ስማቸውን ያገኙት ግን ከድመት ግልገል ነው። ቲርሚዚ እንደዘገቡት የቤተሰባቸውን ፍየል ሲጠብቁ ሌሊት ዛፍ ላይ የሚያሳድሯት፣ ቀን የሚጫወቱባት ትንሽ ድመት ነበረቻቸው። ድህነት እዝነትን አልወሰደባቸውም። ስለ ድመቷና ስለዚያች ሴት ያስተላለፉልንም እርሳቸው ናቸው።

በተቃራኒው ደግሞ የሚያሳዝን ነገር አለ። ድመታቸውን በትራስ ላይ አስተኝተው፣ ምግቧን ከውጭ አስመጥተው፣ የቤት ሠራተኛቸውን በረሃብና በስድብ የሚያኖሩ ሰዎች አሉ። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ከሄዱ እህቶቻችን መካከል ይህን ያዩ አሉ፤ በከተማችንም አይጠፋም። እነዚህ ሰዎች ድመት ወደዱ እንጂ እዝነትን አላወቁም። ቀደም ብለን እንዳየነው «በእናንተ መካከል የሚዘዋወሩ» የሚለው ቃል በቁርአን ለአገልጋዮች የተነገረ ነው። ከአንዱ ቃል ግማሹን ወስዶ ግማሹን መተው አይቻልም። ለሰው የሚያዝን ልብ ለድመት ያዝናል፤ ለድመት አዝኖ ለሰው የጨከነ ግን ያፈቀረው የራሱን ደስታ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለን። «ድመትን መውደድ ከኢማን ነው» የሚለው አባባል የሐዲስ ሊቃውንት መሠረት የለውም ያሉት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተኛችባቸውን ድመት ላለመቀስቀስ የልብሳቸውን እጅጌ ቆረጡ የሚለው ታሪክም በታመኑት የሐዲስ ኪታቦች አይገኝም። በነቢዩ ላይ ያላሉትንና ያላደረጉትን መለጠፍ ከባድ ወንጀል ነው። ደግሞስ ምን ያስፈልገናል? የአቡ ቀታዳ የተዘነበለ ዕቃ ይበቃናል።

ውድ ቤተሰቦች! ለተጠማ ውሻ በጫማው ውኃ የቀዳ ሰው ምሕረት ማግኘቱን፣ ነፍስ ባለው ፍጡር ሁሉ አጅር መኖሩን ከቡኻሪና ከሙስሊም እንማራለን። እንግዲህ አንድ ትንሽ እንስሳ ለአንዱ የእሳት፣ ለሌላው የጀነት ምክንያት ከሆነ፣ በቤታችን ጥግ ተጠቅልላ የምትተኛዋን ቀላል አድርገን አንያት። አይጥ በያዘችበት ዘመን ያበላናት ለጥቅማችን ሊሆን ይችላል። አይጥ መያዝ ካቆመች በኋላ የምናበላት ግን ለአላህ ብለን ነው፤ ሥራችን የሚጠራውም ያን ጊዜ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) አማናን ከሚጠብቁት፣ ከእጃቸው ሥር ላለው ከሚያዝኑት ባሮቹ ያድርገን። በደከምን ጊዜ የሚያዝንልን አያሳጣን። አሚን። ወላሁ አዕለም።